ደህና ነኝ ያለችበት ጠዋት

እናቴ «እንዴት ነሽ?» ተብላ «አሞኛል» ስትል ሰምቼ አላውቅም። አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ የሚደርሰውን ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?» እያለች ትቀበል ነበር። ላሟ ረግጣት እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ያላት ጊዜም ያው ነበረች። በአማርኛ ብትጠይቋት በኦሮምኛ ብትጠይቋት መልሷ አንድ ነው፤ ደህና ነኝ፣ እናንተስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ። ያደገችው ጎፋና ላፍቶ ገና ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት መሬት ሳለ ነው። እዚያ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ደህንነቱን ይለዋወጣል፤ ሕመሙንና ችግሩን የሚያወጣው ደጋግሞ ከተጠየቀ በኋላ፣ ያውም ተለምኖ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አሞኛል ማለት ነውር ነው፤ ጠያቂውን ማስደንገጥ ነው።

እኔ የእሷ ተቃራኒ ነኝ። መቀመጥ አልችልም፣ ዝም ማለትም አልችልም፤ የተናደድኩበትን ነገር ሳልናገር ካደርኩ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ያድራል። «አንቺ ልጅ ቆመሽም ትሄጃለሽ» ትለኛለች እናቴ። መካኒሳ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ማዶ፣ ኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን የያዘች አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ እዚያ ለሰው ማመልከቻና አቤቱታ እጽፋለሁ። ሰው ተበድሎ ይመጣል፣ አልቅሶም ተሳድቦም ያወራኛል፣ እኔ «ስለሆነም» እና «በመሆኑም» እየጨመርኩ መልክ አስይዝለታለሁ። ግማሹን ደንበኛ የማዳምጠው ቆሜ፣ ወረቀት እያስተካከልኩ፣ በበሩ ወደ ውጭ እያየሁ ነው። ይህን ጠባዬን ሁልጊዜ ቅልጥፍና ነው ብዬ ነበር የምቆጥረው።

እናቴ ቀኝ ጎኗን ይዛ ስትጎብጥ ማየት የጀመርኩት ያለፈው ዓመት ነው። ምንድን ነው ስላት ብርድ ነው ትለኛለች። ክረምት ሲገባ አንድ ጠዋት ላሟን ስታልብ እዚያው እንደተንበረከከች መነሳት አቃታት። አንስቼ ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። የሐሞት ጠጠር ነው፣ ከረጢቱ መግል ይዟል፣ ተከፍቶ መውጣት አለበት አሉን። ማክሰኞ ዕለት ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ሐኪሙ ወጥቶ በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል አለኝ። እስከዚህ ድረስ የምከሰው ሰው የለኝም።

አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። በእኛ ሆስፒታሎች አስታማሚ ማለት ግማሽ ነርስ ናት፤ በሽተኛዋን ደግፋ መጸዳጃ ቤት ታደርሳለች፣ መድኃኒት ትገዛለች፣ ሾርባ ታመላልሳለች፣ ጉሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ ፍለጋ ኮሪደሩን ትዞራለች። ሁሉንም አደረግኩ። ግን ያ ሳምንት ክፉ ሳምንት ነበር። ሰፈራችን ውስጥ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የየሰዉ ግቢ ተለክቷል፤ በልኬቱ ቅሬታ ያለው እስከ ዓርብ ያቅርብ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሱቄን ዘግቼ ስለመጣሁ ሰዉ በሩ ላይ ቆሞ ይደውልልኛል። አንዱ አጥሬ ሊፈርስ ነው ይላል፣ አንዷ ወጥ ቤቴ ሊሄድ ነው ትላለች፣ ሁሉም መቼ ትመጫለሽ ይላሉ። እኔም ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ከአልጋው ግርጌ እስከ መስኮቱ እመላለሳለሁ። ሌሎቹ በሽተኞች በዓይናቸው ሲከተሉኝ አያለሁ፤ አይቼም አልቀመጥም።

ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ሐኪም ለጉብኝት መጣ፤ ሁለት ረዳቶችና አንዲት ነርስ ይከተሉታል። ልጅ እግር ነው፣ ፊቱም ደግ ነው፣ ግን ዓይኑ ቀድሞ ቀጣዩ አልጋ ላይ ደርሶ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሞ እንዴት እንዳደረች ጠየቃት። እናቴም ከትራሷ ቀና ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደህና አደርኩ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ አለችው። የሚያስቸግራት ነገር ካለ ጠየቃት፤ ምንም የለም አለችው። እንግዲያው ዛሬ ቤትዎ ይግቡ አለና ረዳቱ ጻፈ። ነርሷ ከጎኗ የነበረውን ትቦ ነቀለች፣ ቦታውን በፕላስተር ሸፈነች፣ ለአልጋው ሌላ ሰው እየመጣ ስለሆነ ቶሎ እንድንለቅ ነገረችን። ከቀዶ ጥገናው ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ልብሷን እያለበስኳት ራሱ በስልክ «ከሰዓት እገባለሁ» እያልኩ ነበር።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ዳቦና ለስላሳ ይዞ ጠበቀን። እናቴ ፍራሽ ላይ ተደግፋ የመጣውን ስትቀበል፣ የሚሄደውን ስትመርቅ ዋለች። እኔ ከሰዓት ሱቄ ገባሁ። ዓርብ ጠዋት ብርድ ብርድ አላት፤ ቀኝ ትከሻዬን ይቆርጠኛል አለች። እናቴ ሳትጠየቅ ሕመሟን ስትናገር ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ሆስፒታሉ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለ ነገር ነው፣ ማስታገሻውን ትውሰድ፣ ቀጠሮዋ በአሥረኛው ቀን ነው አለችኝ። ማስታገሻውን ሰጥቻት ወደ ሱቄ ሮጥኩ፤ የቅሬታው የመጨረሻ ቀን ነበራ። ያን ቀን የስንቱን አጥርና የስንቱን ወጥ ቤት እንደጻፍኩ አላስታውስም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ አገኘኋት። ታክሲ ኮንትራት ይዤ እዚያው ሆስፒታል መለስኳት። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ሰኞ ነው የሚገባው፣ እስከዚያ ተረኛው እስኪመጣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ አለችን። ምን ብዬ እንደጮህኩባት አልጽፈውም። ከግቢው ሳንወጣ ያንኑ ታክሲ አዙሬ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይዣት በረርኩ። እዚያ ያገኘናት ሐኪም ገና ምንም ሳትጠይቅ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፤ ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ሐሞቱ ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነበር። በዚያው ቀን ዳግመኛ ተከፈተች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትወጣ ቀሚሷ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ቁስሏ ስንት ወር ሙሉ አልገጥም አለ፤ ሲገጥምም አንድ ጎኑ አብጦ ቀረ። ዕቃ ማንሳት ተከለከለች። ላሟን የሚያልባት ስለጠፋ ተሸጠች፤ ገዢው ሲነዳት እናቴ ጓዳ ገብታ አልወጣችም። ዕድሜ ልኳን የሰው እጅ አይታ የማታውቅ ሴት ውኃ የሚያቀብላት ሰው መጠበቅ ጀመረች። እንዴት ነሽ ስትባል መልሷ ግን አልተለወጠም።

ሰዉ ሁሉ ዋናው መትረፏ ነው፣ ተዪው አለኝ። እናቴም ተዪው አለች። ደሜ ፈላ። የሰው አጥር አንድ ክንድ ተወሰደ ብዬ ገጽ ሙሉ የምጽፍ ሴት የእናቴን ሆድ ዝም ልል ነው? አቤቱታዬን ጻፍኩ፤ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። የምፈልገው ግልጽ ነበር፤ ሳይመረምሩ ወደ ቤት እንደሰደዷት ሆስፒታሉ እንዲያምን፣ ለደረሰባት ጉዳትም እንዲክሳት።

ከሆስፒታሉ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ታካሚዋ በመልካም ጤንነት ላይ ሆና ነው የወጣችው ይላል፤ የካርዷ ቅጂም ተያይዟል። ሱቄ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። የሐሙሱ የሙቀትና የደም ግፊት መዝገብ ሁሉም ረድፍ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቅጽ የምሞላ ሰው ነኝ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጦ የተሞላ ወረቀት አይጠፋኝም። ግን የእኔ ማወቅ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆንላቸው ከሥሩ ያለው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ ትርጉሙም ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች፣ ቅሬታ የላትም የሚል ነው። ረቡዕ ጠዋት እንደዚያ፣ ረቡዕ ከሰዓት እንደዚያ፣ ሐሙስ ጠዋትም እንደዚያ። የእናቴ ሰላምታ የምርመራ ውጤት ሆኖ ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል። ክው አልኩ።

ቤት ሮጬ ሄጄ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ዘረጋሁት፤ ማንበብ እንደማትችል እንኳ ረስቼ። ሐኪም እኮ ነው፣ ጎረቤት አይደለም፣ አንጀትሽ እየተቃጠለ እንዴት ደህና ነኝ ይባላል እያልኩ ጮህኩባት። እሷ መሬት መሬት እያየች «እንግዲህ ብያለሁ፤ ምን ይደረግ» አለች። ከዚያ ወዲያ ለወራት ቀልቤ አልተመለሰልኝም። እቆጣታለሁ፣ ይቆጨኛል፣ ቡና ልግዛላት ብዬ ወጥቼ ስመለስ ደጃፉ ላይ እንደገና ይነሳብኛል፣ መልሼ እቆጣታለሁ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ገብቶ እንዴት ነሽ ሲለኝ ምን አገባህ ልለው ይቃጣኛል። እናቴ በትህትናዋ ራሷን ልትገድል ነበር፣ አሁን ደግሞ ክሱን ልትገድለው ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚህ ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት ከሆስፒታሉ ሁለት ሰዎች ሙዝና ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት ቤት ድረስ መጡ። እኔ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ልደርስ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ጫማቸውን አውልቀው፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እናቴ ደግሞ ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠራች ስትመርቅላቸው አገኘኋት። ደህና እንደሆነች፣ ምንም እንዳልጎደላት፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ያሰበ አይጉደል እያለች ነው። በሩን ከፍቼ ቆምኩ፤ ሲገባቸው ተነስተው ወጡ። ብርቱካኑን አልበላሁም። በኋላ ፋይሉ ውስጥ አዲስ ወረቀት ገባ፤ የሆስፒታሉ ተወካዮች በመኖሪያ ቤታቸው ተገኝተው ሲጠይቋቸው በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ገልጸዋል ይላል። ያን ሳነብ ግድግዳውን በእጄ መታሁት፤ ጣቴ ለሳምንት አበጠ።

ጉዳያችን የጤና ባለሙያዎችን ጥፋት ወደሚያይ ኮሚቴ ሄደ፤ ከስንት ምልልስ በኋላ ቀርበን ቃላችንን እንድንሰጥ ተጠራን። መጥሪያው የደረሰኝ ዕለት ልምምድ ጀመርን። እኔ ሰብሳቢ ሆኜ እቆማለሁ፣ እሷ ፍራሹ ላይ ትቀመጣለች። እንዴት ነዎት እማማ እላታለሁ፤ አፏ ገና ተመስገን ሊል ሲጀምር አቋርጣታለሁ። አሞኝ ነበር በይ፣ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር በይ፣ ነርሶቹን ስለፈራሁ ነው ዝም ያልኩት በይ። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ትደግመዋለች፤ በማግሥቱ ጠፍቷታል። አንድ ቀን በልምምዱ መሃል ብስራተ ገብርኤል የምትኖር ዘመዳችን ገብታ እንዴት ነሽ አለቻት። እናቴ በኩራት ቀና ብላ አሞኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል አለቻት። ሴትዮዋ ደንግጣ ልታለቅስ ደረሰች። እናቴ አዘነችላትና ኧረ ውሸቴን ነው፣ ደህና ነኝ ብላ አጽናናቻት። ሳቅን፤ የእኔ ሳቅ ግን መሃል ላይ ቆመ። እኔ እየሳቅኩ እሷ ሆዷን በመዳፏ ደግፋ ነበር የምትስቀው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሊፍቱ አይሠራም፤ እሷ ደረጃውን ሆዷን ደግፋ እያረፈች ስትወጣ፣ እኔ ቀድሜ እየወጣሁ መልሼ እየወረድኩ እጥፉን ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ አምስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ፀጉሯን ሽበት የወረሰው ሐኪም ናት። ማዶ ያ ወጣት ሐኪምና የሆስፒታሉ ጠበቃ አሉ። እናቴ ገና ስትገባ ሐኪሙን አየችውና ሄዳ በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ ቤተሰቡን ጠየቀችው፤ ምነው ክስት አሉብኝ አለችው። ልጁ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። እኔ እዚያው አረርኩ። የከሰስነው ሰው እኮ ነው።

ጠበቃው ካርዱን አነበበ፤ ሦስቱን መስመሮች ሲያነብ ድምፁን ጎላ አደረገ። የእሑዱን ጥየቃም አልረሳም። ከዚያ ሰብሳቢዋ ወደ እናቴ ዞረች።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አለቻት።

እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አለች። ጠበቃው ፈገግ አለ። አለቀልን አልኩ በልቤ።

ሰብሳቢዋ ግን አልሳቀችም። ከሆስፒታል በወጡበት ጠዋትም እንዲሁ ብለው ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ብያለሁ አለች እናቴ። በእርግጥ ደህና ነበሩ? አልነበርኩም፣ ጎኔን ሲቆርጠኝ ነው ያደረው አለች። ታዲያ ለምን አሉ? ባስጠናኋት መሠረት እዚህ ጋ ስለፈራሁ ነው ማለት ነበረባት። የነጠላዋን ጥለት ከጉልበቷ ላይ አነሳች፣ መልሳ አኖረችው።

«ለዶክተሩ አይደለም ያልኩት» አለች። «ለልጄ ነው። ሥራዋ ቆሞባት ከግርጌዬ ስትመላለስ ነበር። ስልኳ ይጮሃል፣ ትወጣለች፣ ትገባለች። እኔ ካልወጣሁ እሷ አትወጣም። አሞኛል ካልኩ ደግሞ ልታድር ነው። ስለዚህ ደህና ነኝ አልኩ።»

ጠበቃው ዕድሉ አላመለጠውም። እንግዲያው ሕመምዎን ሆን ብለው ነው የደበቁት፣ ሐኪሙ በምን ሊያውቅ ነው አላት። እናቴ ረጋ ብላ አየችው።

«እናት ነኝ፣ እደብቃለሁ» አለችው። «በአፌ ብደብቅስ ሆዴን የት አደርገዋለሁ? አልነካኝም እኮ።»

ሰብሳቢዋ ካርዱን ከጠበቃው ተቀብላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ገለጠች። ስለ ሆዷ የተጻፈ መስመር ፈለገች፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድም የለም። ሐኪሙን ነክተው አይተዋል ወይ ብላ ጠየቀችው። በዕለቱ ብዙ ታካሚ እንደነበረ፣ በትክክል እንደማያስታውስ ተናገረ። ድምፁ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በኋላ ቃለ ጉባኤውን አንብቤ ነው። በሰዓቱ እኔ ለልጄ ነው ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን የሰማሁት ከሩቅ ነው። ፊቴ ነደደ። መጀመሪያ የመጣብኝ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ንዴት ነው፤ ለምን ቤት ሳለን አልነገረችኝም፣ ለምን በሰው ፊት? ከዚያ ገባኝ። ስንት ወር ሙሉ ስጮህባት አንቺ ነሽ ምክንያቱ ብላ በአንድ ቃል አፌን ልታስይዘኝ ትችል ነበር። አላደረገችውም። ቁጣዬን እየጠጣች ተቀመጠች። እዚህም የተናገረችው ሴትዮዋ ደጋግማ ስለጠየቀቻት ነው፤ በአራተኛው ጥያቄ። እኔ በሕይወቴ እናቴን አራት ጊዜ ጠይቄያት አላውቅም።

ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። መካኒሳ ደርሰን ልንወርድ ስንል ያልሽኝን ረሳሁት፣ አበላሸሁብሽ እንዴ አለችኝ። አላበላሸሽም አልኳት። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ለሰው የይቅርታ ደብዳቤ ስጽፍ የምኖር ሰው ቃሉ አልመጣ አለኝ። ረዳቱ ውረዱ አለን፣ ወረድን።

ውሳኔውን ስንጠብቅ ቤት ውስጥ መቀመጥ ልለማመድ ሞከርኩ። ቀልድ አይምሰላችሁ፣ ከባድ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንዴት ነሽ እላታለሁ፤ ደህና ነኝ ትለኛለች፤ አልነሳም። የበላችውን እጠይቃታለሁ፣ እንቅልፏን እጠይቃታለሁ፣ እንደገና እንዴት ነሽ እላታለሁ። ያኔ ትንሽ ወገቤን ትላለች። ስልኬ ሲጮህ እግሬ ቀድሞኝ ይነሳል። አንዳንዱን ቀን እችላለሁ፤ አንዳንዱን ቀን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስልኩን አንስቼ ወጥቻለሁ፣ ስመለስም ተኝታለች።

ውሳኔው በቅርቡ ወጣ፤ ሦስት ገጽ ነው። ሥራ ዘግቼ መጥቼ አነበብኩላት። ሐኪሙ ታካሚዋን በአካል ሳይመረምር ማሰናበቱ ጥፋት ነው ይላል። ታካሚ ደህና ነኝ ማለቱ ምርመራን አይተካም ይላል። ለሐኪሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለሆስፒታሉም ታካሚ የሚያሰናብትበትን አሠራር እንዲያስተካክል ትእዛዝ ተሰጥቷል፤ ካሳ በፍርድ ቤት መጠየቅ እንደምንችልም ተጽፏል። አሸነፍን ማለት ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ የሚል አለ፤ ታካሚዋ ደህና ነኝ ያሉት አስታማሚ ልጃቸው ወደ ሥራ ለመሄድ ተቻኩለው ስለነበር እሳቸውን ላለማስጨነቅ መሆኑን በቃላቸው አረጋግጠዋል። እንዲህ ያለውን ቋንቋ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ስለ ራሴ ተጽፎ ሳየው ጣቴን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ። ዘልዬው ብሄድ አታውቅብኝም ነበር። አነበብኩት።

«ይሄንንም ጽፈውታል?» አለችኝ።

ጽፈውታል አልኳት። ፍርድ ቤትም ይሄው ይነበባል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

«እንግዲያው አስጠፊው» አለች። «ማመልከቻ ትጽፊ የለ? እናቴ አርጅታለች፣ ዘባርቃ ነው በይና ጻፊላቸው። ክሱም ከተበላሸ ይበላሽ። ልጅቷ ናት ያስቸኮለቻት ብለው አንቺን እንዲያሙሽ አልፈልግም።»

አይቻልም እማዬ አልኳት። ውሸቴን ነው፤ እንዲህ ያለ የማረሚያ ማመልከቻ ለስንት ሰው ጽፌያለሁ። ግን ያ መስመር ከወጣ ሐኪሙን ያስጠየቀው «አልነካኝም» ያለችው እውነትም አብሮ ይሰረዛል፤ እሷ ደግሞ ለእሱ ደንታ የላትም። ሐሞት ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ለእኔ ስትል የተናገረችው ሳያንሳት፣ አሁን ያሸነፈችውን ለእኔ ስትል ልትሸነፍ ተዘጋጅታለች። እጇን ይዤ አለቀስኩ። እሷ ውሳኔው ያልጣመኝ መስሏት ይቅርብሽ፣ አይዞሽ ትለኛለች።

ክሱን ለፍርድ ቤት አቅርበናል። ምስክሯ እኔ ነኝ። ጠበቃው ያን ጠዋት ለምን እንደቸኮልኩ ይጠይቀኛል፣ እኔም ሥራዬን ከእሷ እንዳስቀደምኩ እናገራለሁ፤ ሌላ መልስ የለኝም። እናቴ ግን እዚያው ተቀምጣ ልትሰማው ነው። ከአሁኑ ጠዋት ጠዋት፣ ከቤት ልወጣ ስል እጄን ይዛ የምትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳልናገረው።